የኦቦ ኩምሳ ቅንቅን

ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ሰው ስቋል። ያሳቅሁት እኔ ነኝ፤ ለማሳቅ ብዬ ግን አልነበረም። እስከ ዛሬ «ምን አፍህን ከፈተው?» የሚለኝ አለ። ማንም አልከፈተውም፤ ራሴ ነኝ የከፈትኩት። ነገም ቢሆን እከፍተዋለሁ።

ከድንኳኑ በፊት ስለ ጉድጓዱ መናገር አለብኝ። ሰበታ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ኮረብታው ወገብ ላይ፣ በፊት ድንጋይ ይወጣበት የነበረ ካባ አለ። ድንጋዩ አልቆ ቆፋሪዎቹ ሲበተኑ ኮረብታው ሆድ ውስጥ ዋሻ የመሰለ ጉድጓድ ቀረ። ሰው ጥሎት ሲሄድ የሌሊት ወፎች ገቡበት። መሬቱ የኦቦ ኩምሳ ነው። ኦቦ ኩምሳ ሰባ ያለፋቸው፣ ከባርኔጣቸው የማይለዩ ገበሬ ናቸው፤ አማርኛ ሲናገሩ በኦሮምኛ ጀምረው በኦሮምኛ ይጨርሱታል። ያን ኮረብታ አንድ የቤት ማህበር ለአባላቱ ቤት ሊሠራበት ይፈልገዋል። ጎረቤቶቻቸው በምትኩ ሱሉልታ ላይ ቦታ ሊቀበሉ ተስማምተዋል። ያልተስማሙት እሳቸው ብቻ ናቸው። ለምን ሲባሉ ምክንያት አይሰጡም። «እዚህ ነኝ» ይላሉ፣ በቃ። ሰውን ያናደደውም ይኸው ነው። ምክንያት ያለውን ሰው ይከራከሩታል፤ «እዚህ ነኝ» የሚልን ሰው ምን ይሉታል?

መዥገር ይሉታል። ይህን ስም ያወጣላቸው የማህበሩን ጉዳይ የያዘው ደላላ ታመነ ነው። ፊት ለፊታቸው ግን ደፍሮ ብሎት አያውቅም ነበር።

እኔ ከዚህ ሁሉ ጋር የተገናኘሁት በደስታነሽ በኩል ነው። የምኖረው ቡራዩ ነው። አንዲት ክፍል ተከራይቼ፣ ግድግዳዬ ከብረታ ብረት ቤት ጋር ተጣብቆ፣ ቀኑን ሙሉ ግራይንደር ሲጮህብኝ ይውላል። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ፈተናው አላሳለፈኝም። በዚያ ዓመት ከወደቀው ሰው ብዛት የተነሳ መውደቅ የዕድር አባልነት መስሎ ስለነበር ብዙም አላፈርኩ። ያፈረልኝ ዱከም ፋብሪካ የሚሠራው ታላቅ ወንድሜ ነው፤ እየደወለ «ና፣ ሰው እየቀጠሩ ነው» ይለኛል። እኔ በር ዘግቼ ጣሪያ እያየሁ የማስብ ሰው ነኝ። ምን ታስባለህ ብባል የምመልሰው የለኝም።

ደስታነሽ የግቢያችን ተከራይ ናት፤ ከሆሳዕና መጥታ ሦስተኛ ዲግሪዋን የምትሠራ። አንድ ቀን ልብስ ማስጫው ገመድ ላይ ትንንሽ የአቡጀዲ ከረጢቶች ደርድራ ሰቅላ አየሁና ምንድናቸው አልኳት። «የሌሊት ወፍ ማደሪያ» አለችኝ፣ የሽንኩርት ማስቀመጫ የምትል ነው የሚመስለው። ሳቅሁ። ብዙም ሳይቆይ ከረጢቶቹን የምሰፋው እኔ ሆንኩ።

የምታጠናው ወፏን አይደለም፤ ወፏ ላይ የሚኖረውን ቅንቅን ነው። ዶሮ ያረባ ሰው የዶሮ ቅንቅን ያውቃል፤ የሌሊት ወፍም የራሷ አላት። ከጤፍ ፍሬ አይበልጥም፤ ስምንት እግር አለው፤ የሚኖረው ክንፏ ቆዳ ላይ ነው። የደስታነሽ ሥራ የትኛው ቅንቅን የትኛዋ ወፍ ላይ እንደሚኖር ለይቶ፣ ዘር ከዘር መድቦ፣ ቦታ ቦታውን ማስያዝ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ጉድጓዱ አፍ ላይ ስስ መረብ እንዘረጋለን። ወፏ ስትያዝ ጓንት አድርገን እናወጣትና ከረጢት ውስጥ እናስገባታለን። ክንፏን በባትሪ ብርሃን ላይ ዘርግተን ቅንቅኑን አልኮል በነካ የሥዕል ብሩሽ ጫፍ እናነሳዋለን። ከዚያ ወፏን እንለቃታለን።

አንድ ሕግ አለ፦ አንድ ከረጢት፣ አንድ ወፍ። ሁለት ዓይነት ወፍ አንድ ከረጢት ውስጥ ከገባ ቅንቅኑ በግርግሩ ይሻገራል። ቢሻገርም ሰው ቤት አይኖርም፤ እኛ ግን ሳይሞት ካገኘነው «የዚህችኛዋ ነው» ብለን እንሳሳታለን፤ የዓመት ሥራ ገደል ገባ ማለት ነው። ደስታነሽ ይህን ስትነግረኝ እንደ ቃለ መሐላ ነበር የተቀበልኩት። እኔ ብቸኛ ሰው ነኝ፤ አንድ ክፍል ለአንድ ሰው የሚለው ነገር ይገባኛል።

ለሥራው ቦታ የሰጡን ኦቦ ኩምሳ ናቸው። በየሄድንበት «ጠንቋይ ናችሁ? ወርቅ ፈላጊ ናችሁ?» ሲሉን፣ እሳቸው ካባው በሚሠራበት ዘመን ቢሮ የነበረችውን የድንጋይ ክፍል ጠርገው ቁልፉን ሰጡን። አንድ ነገር ብቻ አሉን፦ «ወፎቹን እንዳታስቀይሙብኝ። ሰዎቹ ሲሄዱ የሚቀሩኝ ጎረቤቶች እነሱ ናቸው።» ማይክሮስኮፑን መስኮቱ ስር አስቀመጥነው፤ በመስታወት የፀሐይ ብርሃን ስለሚጠቀም መብራት ቢጠፋም ግድ አልነበረንም።

እዚያች ክፍል ውስጥ ያሳለፍኩትን ጊዜ ምን ብዬ ልንገራችሁ። ቅንቅኑ አሲድ ውስጥ ቆይቶ እንደ ብርጭቆ ሲጠራ ደረቱ ላይ ጋሻ የመሰለ ነገር ይታያል፤ ጋሻው ዙሪያ ፀጉር አለ። ደስታነሽ የጋሻውን ቅርጽና የፀጉሩን አቀማመጥ ከቆዩ ሥዕሎች ጋር ታስተያያለች። እኔ ደግሞ አያለሁ። ሳይ፣ ዓለሙ ሁሉ ሲበር የሚኖር ፍጥረት ምን እንደሚሰማው አስባለሁ። መሬቱ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል፣ ነፋስ ይመታዋል፣ ጨለማ ውስጥ ይምዘገዘጋል፤ እሱ ግን ቤቱ ነው።

አፍንጫዋ የፈረስ ኮቴ ከሚመስለው ወፍ ላይ ያነሳነው አንዱ ቅንቅን ከየትኛውም ሥዕል ጋር አልገጥም አለ። ደስታነሽ ደጋግማ አየችው። ባሕር ማዶ ያሉ አዋቂዎች ዘንድ ላከችው። ብዙ ቆይቶ መልስ መጣ፦ እኛም አናውቀውም፣ አዲስ ነው፣ ስም ስጡት። እሷ ወዲያው ተንበርክካ ጸለየች። ከዚያ «ማን እንበለው?» ስትለኝ አላቅማማሁም። «ኦቦ ኩምሳ» አልኳት። የሰው ስም ሲሆን መጨረሻው ላይ የላቲን ጅራት ይቀጠልበታል፤ ኩምሳይ ይሆናል። ጥሩ ነው አለችና ጻፈችው። ለሳቸው መንገሩን ለኔ ተወችልኝ።

እኔ ደግሞ የነገርኳቸው ድንኳን ውስጥ ነው።

የጎረቤታቸው እናት አርፈው ነበር። ሰው ተሰብስቦ፣ ወንዶቹ ካርታ ይዘው፣ ኦቦ ኩምሳ ከሽማግሌዎቹ ተርታ ተቀምጠዋል። ታመነ ካርታውን እያደለ ድምፁን ከፍ አደረገና ወደኔ ዞረ።

«ማቲ፣ እስቲ እውነቱን ንገረን። ጉድጓዱ ውስጥ ወርቅ ነው ወይስ ኦፓል? ኦቦ እምቢ ያሉት ለሱ ነው ይባላል።»

ሰው ሁሉ አየኝ። ሰው ሲያየኝ አልወድም፤ በዚያ ቀን ግን ሽማግሌው በሌላቸው ወርቅ ሲታሙ መስማት አቃጠለኝ። ወርቅ አይደለም አልኩ። ከወርቅ ይበልጣል፤ ዓለም ላይ ማንም ያላወቀው ፍጥረት ነው ያገኘነው፤ የሚጠራውም በኦቦ ኩምሳ ስም፣ ጅራት ተቀጥሎበት ኩምሳይ ተብሎ ነው አልኩ። ኦቦ ኩምሳ ባርኔጣቸውን አስተካከሉ። አጠገባቸው የተቀመጡ አዛውንት «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ብለው ትከሻቸውን መታ መታ አደረጉላቸው። ታመነ ብቻ ካርታው እጁ ላይ እንደቆመ ጠየቀኝ።

«ምን ዓይነት ፍጥረት ነው?»

«ቅንቅን» አልኩ። «የሌሊት ወፍ ክንፍ ላይ የሚኖር። ከመዥገር ጋር በሩቁ ይዛመዳል።»

መጀመሪያ አንድ ሰው አፍንጫው ውስጥ ሳቀ። ከዚያ ሌላው። ከዚያ ድንኳኑ በሙሉ። የሟቿ ልጅ ሳይቀር ፊቱን በነጠላው ሸፈነ፤ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ታመነ ጭኑን እየመታ «ይኸው! እኛ ስንላቸው ሐሜት ነበር፤ አሁን ሳይንስ አረጋገጠልን» አለ። ኦቦ ኩምሳ ቀስ ብለው ተነሱ፣ ሐዘንተኛውን ጨበጡ፣ ወጡ። እኔን አላዩኝም።

ከዚያ በኋላ ወሬው እግር አወጣ። ሕፃናቱ በኦሮምኛ «ሲልሚ» ይሉ ጀመር፤ መዥገር ማለት ነው። ከዓለም ገና የሚመጣው ሚኒባስ ወያላ እንኳን በሳቸው በር በኩል ሲያልፍ «መዥገር ጋ ወራጅ አለ?» ማለት ለመደ። ሰው እየሳቀ ይወርዳል። ኦቦ ኩምሳ ከበራቸው መውጣት ተዉ።

ወደ ካባው ስንሄድ ባለቤታቸው አዴ ድንቅቱ መንገድ ላይ ጠበቁንና እጃቸውን ዘረጉ። ቁልፉን ሰጠናቸው። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ሰውዬው እህል አልቀምስ ብሏል አሉን። አብረው ሲኖሩ ከሰው ዓይን ሲሸሽ አይተውት አያውቁም። እሁድ ማህበሩ ሽማግሌ ሊልክ ነው፤ እሱም ሊፈርም ነው።

«‹ስሜን ከሚጫወቱበት መሬቱን ይውሰዱት› አለኝ» አሉ አዴ ድንቅቱ። «ታመነ ሁለት ዓመት ለፍቶ ያላገኘውን፣ አንተ ልጅ በአንድ ቃል ሰጠኸው።»

በሚኒባስ ወደ ቡራዩ ስንመለስ ደስታነሽ መስኮት መስኮቱን ታይ ነበር። አየር ጤና ስንደርስ ነው የተናገረችው። ጽሑፉ ገና አልታተመም፤ ስሙን እንቀይረዋለን፤ «ሰበታ» እንበለው፤ ከተማ አይቀየምም አለች።

እኔ አይሆንም አልኩ። ከሰረዝነው ስድብ ነበር ብለን መሰከርን ማለት ነው። ስድብ አልነበረም። ታመነ ስለሳቀ እውነቱ ውሸት አይሆንም። ድምፄ ሳይታወቀኝ ከፍ ብሎ ኖሮ ከፊት የተቀመጠችው ሴትዮ ዞራ አየችኝ።

«ማቲ» አለች ደስታነሽ፣ «ስሙ የሰውዬው ነው። የኔ ጥናት ወይ ያንተ እልህ መጫወቻ አይደለም። ሰርዙ ካሉ እሰርዛለሁ።»

እውነቷን ነው፤ እኔም ይህን አላጣሁትም። ግን እልሄ አልበረደም። ሰው እምቢ ሲል ያየኸው አንድ ሰው ብቻ ከሆነ፣ ያ ሰው ሲረታ አንተም አብረህ ትረታለህ።

ቅዳሜ ጠዋት ዕቃችንን ልናነሳ ሄድን። ክፍሉን የከፈቱልን ኦቦ ኩምሳ ራሳቸው ናቸው። ከስተዋል። በሩ ላይ ቆመው «ዕቃችሁን ውሰዱ» አሉ። «ስሜንም መልሱልኝ።»

«እንመልሳለን፣ ኦቦ» አለች ደስታነሽ። «ይቅርታ ያድርጉልን።»

«ሳያዩት አንመልስም» አልኩ እኔ።

ደስታነሽ እግሬን ረገጠችኝ። ኦቦ ኩምሳ ቀስ ብለው ወደኔ ዞሩ።

«ምን አልክ?»

«ሰው የሚቀየመው የተሰደበበትን አይቶ ነው። አንቱ የተቀየሙት ሰው ሲስቅ ሰምተው ነው። መጀመሪያ ይዩት። ከዚያ ሰርዙ ካሉን እሰርዛለሁ፣ በገዛ እጄ።»

ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። ከዚያ «ለቅሶ ቤት ያልተዘጋ አፍ እዚህ ይዘጋል ብዬ ነበር፣ ጉርባ» አሉ፤ ልጅ ማለታቸው ነው። ባርኔጣቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ያለ ባርኔጣ አይቻቸው አላውቅም ነበር፤ ግንባራቸው ነጭ ነው፣ ፀሐይ አይቶት የማያውቅ።

ማየት ወዲያው አልሆነላቸውም። መጀመሪያ የገዛ ሽፋሽፍታቸውን አይተው «ይሄ ነው? የአጋም እሾህ ይመስላል» አሉ። ደስታነሽ መስታወቱን ወደ ብርሃኑ አዞረችላቸው፣ እኔ ግራ ዓይናቸውን በመዳፌ ሸፈንኩላቸው። ድንገት እጃቸው ጠረጴዛውን ያዘ።

«ዓይኑ የት አለ?» አሉ፣ ሳይነሱ።

ዓይን የለውም አልናቸው።

«ታዲያ በምን ይሄዳል?»

የትም አይሄድም አለቻቸው ደስታነሽ። እዚያው ክንፏ ላይ ይወለዳል፣ እዚያው ይወልዳል፤ እንቁላል አይጥልም፤ ልጁን እግር አብቅሎ፣ መያዝ የሚችል አድርጎ ነው የሚወልደው።

«ስትበር አትጥለውም?»

«ጥፍሩን ይዩት» አልኩ።

አዩት። ረጅም ጊዜ አዩት። የእርሻ ሰው ጥፍርና ሰኮና ማየት ያውቃል። ይገድላታል ወይ ብለው ጠየቁ፤ አይገድላትም፣ እሷ ከሞተች እሱም ሟች ነው አልናቸው።

«ከዚህች ላይ አንስታችሁ ሌላ ወፍ ላይ ብታደርጉትስ? ያችኛዋ የምትበልጥ፣ የወፈረች ብትሆን?»

«አይቆይም» አለች ደስታነሽ። «ይሞታል።»

ቀና አሉ። ዓይናቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠረጉ፤ ከማይክሮስኮፑ ይሁን ከሌላ አላወቅሁም። ባርኔጣቸውን አድርገው ወጡ። ሰርዙም አትሰርዙም አላሉንም። ዘወር ስንል ቁልፉ በሩ ላይ ተሰክቷል። ረስተውት ይሁን ትተውልን መወሰን አቃተን፤ ዕቃውን ግን አላነሳንም።

እሁድ ጠዋት አዴ ድንቅቱ ደወሉልኝ። ሰውዬው ይምጣ ብሏል፣ መጥተህ ጥግ ተቀመጥ፣ አፍህን ደግሞ ሳትጠየቅ እንዳትከፍት አሉኝ። ደስታነሽ ጸሎት ቤት ነበረች፤ ብቻዬን ሄድኩ።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ናቸው። መሪያቸው አቶ ኪዳነወልድ ነበሩ፤ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ያላቸው፣ ከቅዳሴ እንደወጡ በነጭ ጋቢያቸው የመጡ፣ ሰው የሚያከብራቸው አዛውንት። ታመነ ውሉን በፕላስቲክ አቃፊ ይዞ ከኋላቸው በር ላይ ቀረ። እንደ ወጉ፣ ወንበር ሲቀርብላቸው አልተቀመጡም።

«የመጣንበትን ካልሰጡን አንቀመጥም፣ ኦቦ» አሉ አቶ ኪዳነወልድ።

«ቆማችሁ የምትሰሙትን ተቀምጣችሁም ትሰሙታላችሁ» አሉ ኦቦ ኩምሳ። «ጉልበታችሁን አትጉዱት፣ ኮታ፣ ኑ፣ አረፍ በሉ።»

ተያዩ። አንደኛው ጉልበታቸውን ያማቸው ነበርና ተቀመጡ፤ ሌሎቹም ተከተሏቸው።

አቶ ኪዳነወልድ አሳምረው ተናገሩ። የሱሉልታው ቦታ ሰፊ ነው፣ መንገድ ቅርቡ ነው፣ አየሩ ይስማማል። ጎረቤት ሁሉ ሄዶ አንድ ሰው ኮረብታ ላይ ብቻውን ምን ይሠራል? የማህበሩ አባላትም ሌቦች አይደሉም፣ ቤት ፈላጊዎች ናቸው፤ የራሳቸው ሁለት ልጆች አባል ናቸው፤ በኪራይ ሲንከራተቱ ዓመታት አልፈዋል። ይህን ሲሉ እውነት እንደነበር ፊታቸው ላይ ይታይ ነበር። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ስምዎ በማይሆን ነገር መነሳቱን ሰምተን እኛም አዝነናል። ከዚህ ራቅ ቢሉ ወሬውም ይበርዳል። ክብርዎን ይዘው ይሄዳሉ።»

አዴ ድንቅቱ ወለሉን ያዩ ነበር። በሩ ላይ የአቃፊው ፕላስቲክ ተንኮሻኮሸ። ኦቦ ኩምሳ ለሽማግሌ እምቢ ብለው እንደማያውቁ ሁሉም ያውቃል፤ ሽማግሌ መመለስ ነውር ነው። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ቆዩ፣ ቆዩ፣ ከዚያ ወደኔ ጥግ ዞሩ።

«ማቲ። ያ ነገር ወፏን ይገድላታል?»

«አይገድላትም፣ ኦቦ።»

«ለቆ ይሄዳል?»

«አይሄድም።»

«የተሻለች ናት ብለህ ሌላዋ ላይ ብታስቀምጠውስ?»

«ይሞታል።»

ወደ ሽማግሌዎቹ ተመለሱ። «ሰማችሁ?» አሉ። «ምትክ አይቀበልም።»

ማንም አልሳቀም።

«ለምን እምቢ ትላለህ ስትሉኝ መልስ አጥቼ ስፈልግ ከረምኩ። የአባቴ ነው ልበል? የጎረቤቶቼም የአባቶቻቸው ነበር። ያንሳል ልበል? አያንስም። ለካ ሰበብ አያስፈልገውም። ልጆቹ ስሜን የሰረቁኝ መስሎኝ ነበር። አልሰረቁኝም። የእኔን ነው ያገኙት። አቶ ኪዳነወልድ፣ ልጆችህ ሌባ አይደሉም፣ አውቃለሁ፤ ቤት ፈላጊ ናቸው። እኔም ሌባ አይደለሁም። ቤት ያለኝ ነኝ።»

አቶ ኪዳነወልድ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ታመነ ከበሩ ቀደማቸው።

«መዥገር እኮ በነጭ ጋዝ ይነቀላል፣ ኦቦ።»

ከዚህ በፊት ፊት ለፊታቸው ያላለውን አለው። ሽማግሌዎቹ ዞረው አዩት። ኦቦ ኩምሳ ምንም አልመለሱም። የመለሱት አዴ ድንቅቱ ናቸው፣ ከወለሉ ቀና ብለው፣ በተረጋጋ ድምፅ፦

«ነጭ ጋዝ ካገኘህ ለኛም አምጣልን፣ ልጄ። መብራት በጠፋ ቁጥር ኩራዙ ባዶ ነው።»

ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሽማግሌ ሊያስሉ ሞክረው አልሆነላቸውም፤ ሳቁ። አቶ ኪዳነወልድ ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው አነሱ። እንደ ድንኳኑ ዕለት ሳቁ ቤቱን ሞላው፤ በዚህኛው ግን የሚሳቀው ወደ በሩ ነበር። ታመነ አቃፊውን ብብቱ ስር አድርጎ ወጣ።

አቶ ኪዳነወልድ ሲነሱ ፊታቸው ቅር እንዳለው ነበር። «እምቢታም መልስ ነው፤ ለላኩን እናደርሳለን» አሉ። «ግን አንድ ጊዜ ተልኮ የሚያበቃ አይምሰልዎ።»

«ኤዬ፣ እሺ» አሉ ኦቦ ኩምሳ። «ኑ። ወንበሩ አለ።»

ሲሄዱ ሸኝተዋቸው ተመለሱና ደጃፉ ላይ ቆሙ። ከኮረብታው ስር የጎረቤቶቹ ማሳ በቆርቆሮ ታጥሯል፤ አንድ ቢጫ ዶዘር አፉን መሬት ላይ ደፍቶ ቆሟል። ያውቁታል። እኔም አውቀዋለሁ። ሽማግሌ ሲመለስ ወረቀት ይመጣል፣ ወረቀት ሲመለስ ሌላ ይመጣል።

«ጅራቱ ምን ነበር ያልከኝ?» አሉኝ። «ኩምሳ ምን?»

«ኩምሳይ።»

ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ሞከሩት። «ትጻፈው» አሉ።

ለደስታነሽ ወዲያው ደወልኩላት። ከጸሎት ቤት ወጥታ ነበር፤ ሰማችኝና «ጌታ ይመስገን» አለች፣ ቀጥላ «ማታ መረብ እንዘርጋ» አለች። ስልኩን እንደዘጋሁ ወንድሜ ከዱከም ደወለ። ቦታ አለ፣ ከሰኞ ጀምሮ፣ አለኝ። አልመጣም አልኩት። እዚያ ምን አለህ ሲለኝ ምክንያት ልሰጠው ፈልጌ ተውኩት። «እዚህ ነኝ» አልኩትና ስልኩን ኪሴ ከተትኩ።

ፀሐይ ስትጠልቅ ኦቦ ኩምሳም ከኛ ጋር ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሙ። ደስታነሽ ጓንት አልብሳቸው ከረጢት አስያዘቻቸውና ሕጉን ነገረቻቸው፤ ሥነ ሥርዓት ያለው ተማሪ ሆነው አዳመጡ። ወፎቹ ጭስ እንደሚወጣ ሆነው ወጡ። አንዷ መረቡ ላይ ወደቀች፤ አፍንጫዋ የፈረስ ኮቴ። ክንፏን በባትሪው ላይ ዘረጋሁላቸው። ቆዳው ላይ፣ ደም ስሩ አጠገብ፣ የጤፍ ፍሬ የሚያክል ነገር ተጣብቋል።

ጎንበስ ብለው እፍ አሉበት። አልለቀቀም። ጉንጫቸውን ሞልተው ደገሙት። ክንፉ ተርገበገበ፤ እሱ እዚያው ነው።

«ጎሽ» አሉት።

ሰኞ ጠዋት እኔና ኦቦ ኩምሳ ከዓለም ገና በአንድ ሚኒባስ ተሳፈርን። ገበያ ደርሰው መመለሳቸው ነበር፤ ከበራቸው ከወጡ ሰንብተው ነበርና ሰው ሁሉ እያያቸው ዝም አለ። ወያላው ልጅ ግን ማን መሆናቸውን ሳያይ ነበር ያስገባቸው። የሳቸው መታጠፊያ ሲቃረብ አፉን ከፈተ፣ ወደ ኋላ ሲዞር ባርኔጣውን አየ፣ አፉን ገጠመ። ሚኒባሱ መታጠፊያውን ሊያልፈው ሆነ።

ኦቦ ኩምሳ በከዘራቸው ጣሪያውን መታ መታ አደረጉ።

«መዥገር ጋ ወራጅ አለ» አሉ።